ሌሊትን ገና ለማያውቅ ሕፃን
የጨቅላ ሕፃናት እንቅልፍና የቤተሰብ ድርሻ

መግቢያ

ልጅ የተወለደበት ቤት ደስታ የሞላበት ቤት ነው። ጎረቤት ገንፎ ሊቀምስ ይገባል፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፤ እልልታው ከግቢ አልፎ ይሰማል። ይሁን እንጂ እንግዶቹ ተሰናብተው ሰፈሩ ጸጥ ሲል በዚያው ቤት ሌላ ነገር ይጀመራል። ቀኑን ሙሉ በሰላም ተኝቶ የዋለው ሕፃን በእኩለ ሌሊት ዓይኑን ከፍቶ ያለቅሳል። እናቱ ታጠባዋለች፤ ጥቂት ያሸልባል፤ አልጋ ላይ ሲያስተኙት እንደገና ይነቃል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም እናት ትዝላለች፤ አባት ይነጫነጫል፤ አያት «የሰው ዓይን አግኝቶት ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ «ጡትሽ አላጠገበውም፤ የላም ወተት ጨምሪለት» ብላ ትመክራለች። መካሪ ሲበዛ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ከምክሮቹም አንዳንዶቹ የሕፃኑን ጤና፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ለአደጋ የሚያጋልጡ ናቸው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጨቅላ ሕፃን ቀንና ሌሊትን ለይቶ አይወለድም፤ ይህን ልዩነት ቀስ በቀስ የሚያስተምረው የተወለደበት ቤት ነው። ትምህርቱም የሚሰጠው በማስለቀስ ወይም በመቆጣት ሳይሆን በብርሃንና በጨለማ፣ በጸጥታ፣ በማይለዋወጥ ሥርዓትና በትዕግሥት ነው። ድካሙም የእናቲቱ ብቻ ሊሆን አይገባውም።

1. የጨቅላ ሕፃን እንቅልፍ ከአዋቂ እንቅልፍ የሚለይበት

ያደገ ሰው ሲመሽ እንቅልፍ የሚመጣበት፣ ሲነጋም የሚነቃው በአእምሮው ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚቆጥር የተፈጥሮ ሰዓት ስላለው ነው። ይህን ሰዓት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ይመነጫል፤ እንቅልፍንም ይጋብዛል። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ በእናቱ ሰዓት ሲመራ ይቆይና ሲወለድ ከዚያ ይለያል። የራሱ ሰዓት በወጉ መሥራት የሚጀምረው ግን ከ2 እስከ 3 ወር በሚሆነው ጊዜ ነው። ስለዚህ በሌሊት የሚነቃው አመለ ቢስ ስለሆነ ወይም ክፉ ዓይን ስላገኘው አይደለም፤ ሌሊት መሆኑን የሚነግረው ነገር በውስጡ ገና ስላልጸና ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ረኀብ ነው። የጨቅላ ሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ የእናት ጡት ወተትም ቶሎ ይፈጫል። በመሆኑም ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይኖርበታል። ይህ ቁጥር ሌሊቱንም ይጨምራል። በሌሊት የሚወጣው የእናት ወተት በቀን ከሚወጣው ይልቅ ሜላቶኒን ስለሚገኝበት፣ ገና የራሱ የሌለውን ሕፃን ወደ እንቅልፍ እንደሚያግዘው ይታመናል። ስለዚህ የሌሊት ጡት መከልከል ለሕፃኑ ሁለት ነገር ማሳጣት ነው።

ሦስተኛው የእንቅልፉ ዐይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የተኛ ሰው ዓይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ልዩ የእንቅልፍ ጊዜ እንዳለ በጽሑፍ አስታወቁ። የጨቅላ ሕፃን እንቅልፍ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ዐይነት ነው። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ፊቱን ይቋጥራል፤ ፈገግ ይላል፤ እጅና እግሩን ይወረውራል፤ ያቃስታል፤ አንዳንዴም ዓይኑን በከፊል ይገልጣል። ብዙ እናቶች ነቃ ብለው ቶሎ ያነሡታል፤ በዚህም በእርግጥ ይቀሰቅሱታል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መመልከት ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መልሶ ይተኛል። ደግሞም ጨቅላ ሕፃን እንቅልፍ የሚገባው በዚሁ በቀላሉ በሚሰበር እንቅልፍ በኩል ነው። ክንዱ እስኪዝልና እስትንፋሱ እስኪረጋ ሳይጠበቅ አልጋ ላይ ሲደረግ ወዲያው የሚነቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከተወለደ እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። እንግዲህ ጨቅላ ሕፃን እንቅልፍ አላነሰውም፤ እንቅልፉ በቀንና በሌሊት ላይ ተበታትኖ ነው እንጂ። የቤተሰቡም ሥራ የተበተነውን ቀስ በቀስ ወደ ሌሊት መሰብሰብ ነው።

2. እስከ 40፣ እስከ 80፣ ከዚያም በኋላ

በአገራችን ልማድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ቀኖቹ ስለ እንቅልፍ የተወሰኑ ባይሆኑም ሁሉም ወላጅ የሚቆጥራቸው ስለሆኑ፣ ለወንድም ሆነ ለሴት ልጅ የእንቅልፉን ዕድገት ለመከታተል እንደ ምልክት ሊያገለግሉን ይችላሉ።

እስከ 40 ቀን፦ በዚህ ጊዜ ሕፃኑን በሰዓት ለማስተኛት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ሲርበው ይጥባ፤ ሲደክመው ይተኛ። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሥጋቱ ብዙ መተኛቱ ሊሆን ይችላል። ሕፃን ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ክብደቱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ የተወለደበትን ክብደት መልሶ የሚያገኘውም በ2 ሳምንት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በላይ ሳይጠባ ከተኛ ቀስቅሶ ማጥባት ያስፈልጋል። የልቅሶውም ነገር እንዲሁ መታወቅ አለበት። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ የጤነኛ ሕፃን ልቅሶ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየጨመረ ሄዶ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። ስድስተኛው ሳምንት ማለት 40ኛው ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ የክርስትናው ድግስ ሲቃረብ ልቅሶ ቢበረታ ቤተሰቡ ሊደነግጥ አይገባውም።

ከ40 እስከ 80 ቀን፦ ብዙ ሕፃናት በሌሊት አንዱን እንቅልፋቸውን ማርዘም የሚጀምሩት በዚህ ወቅት ነው። ቀንና ሌሊትን የመለየቱ ትምህርትም ፍሬ ማሳየት የሚጀምረው አሁን ነው።

ከ80 ቀን በኋላ፦ የተፈጥሮው ሰዓት እየጸና ስለሚሄድ፣ ሕፃኑን ሙሉ በሙሉ ከማንቀላፋቱ በፊት፣ ዓይኑ ሲከብድ አልጋው ላይ ማስተኛትን ማለማመድ ይቻላል። በክንድ ላይ ብቻ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን በሌሊት ብቅ ሲል ያንኑ ክንድ ይፈልጋል፤ አልጋው ላይ ሆኖ ማንቀላፋትን የለመደው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ መልሶ ይተኛል። ካልተሳካ ማንሣትና ማባበል ጥፋት አይደለም፤ በማግሥቱ እንደገና መሞከር ነው። ጨቅላ ሕፃን ብቻውን አልቅሶ ይልመድ ማለት ግን ተገቢ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በሌሊት መንቃት ለብዙ ጤናማ ሕፃናት የተለመደ መሆኑንም ማስታወስ ይጠቅማል።

3. ቀኑን ቀን፣ ሌሊቱን ሌሊት ማድረግ

በብዙ ቤቶች አራስና ልጇ መስኮትና በር ተዘግቶ በጨለማ ክፍል እንዲቆዩ ይደረጋል። ዓላማው ከብርድና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ብርሃንን ካላየ ቀንን በምን ይለየዋል? በሌላ በኩል ማለዳ ሕፃንን ወደ ውጭ አውጥቶ ብርሃን እንዲያገኝ ማድረግ እናቶቻችን ያቆዩልን መልካም ልማድ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ልማድ አሻሽለን ሁለተኛውን እናጠናክር። የሚከተሉት ነጥቦች ለማንኛውም ቤት፣ ባለ አንድ ክፍል ለሆነውም ጭምር፣ የሚቻሉ ናቸው።

ሀ. ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መጋረጃው ይገለጥ፤ መስኮቱ ይከፈት። በቀን ሲጠባ ያናግሩት፤ ይሣቁለት። የቤቱ የዘወትር ድምፅ፣ የሙቀጫውም ሆነ የልጆቹ ጨዋታ፣ ለቀን እንቅልፉ ተብሎ አይቋረጥ።

ለ. ማታ በተወሰነ ሰዓት መብራቱ ይቀነስ፤ ቴሌቪዥኑና ሬዲዮው ይዘጋ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ቅደም ተከተል ይኑር፤ ለምሳሌ ገላን በለብታ ማበስ፣ የሽንት ጨርቅ መለወጥ፣ ማጥባት፣ ማስገሳት፣ በዝግታ እሹሩሩ ማለት። ሕፃኑ ቃሉን ባይረዳም ቅደም ተከተሉን ይለምደዋል። ከሁሉ የሚበልጠው የነገሮቹ ብዛት ሳይሆን በየማታው መደገማቸው ነው።

ሐ. በሌሊት ሲነቃ በደብዛዛ ብርሃን፣ ያለ ወሬና ያለ ጨዋታ ይጥባ። ሰገራ ካልወጣ ወይም በጣም ካልረጠበ ጨርቁን ለመለወጥ ብሎ ፈጽሞ ማንቃት አያስፈልግም። የስልክ ብርሃንም በፊቱ ላይ አይብራ።

መ. ድካሙን ከልቅሶው በፊት እንወቅ። ማዛጋት፣ ፊትን ማዞር፣ ትኩር ብሎ መቅረት፣ መነጫነጭ የድካም ምልክቶች ናቸው። ጨቅላ ሕፃን አንድ ሰዓት ያህል ከነቃ በኋላ ይደክማል። «ማታ እንዲተኛ ቀን እናቆየው» የሚለው ሐሳብ የተሳሳተ ነው፤ እጅግ የደከመ ሕፃን እንቅልፍ አሻፈረኝ ይለዋል።

ሠ. እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። እንዲተኛ ተብሎ የሚሰጥ የላም ወተት፣ ቅቤ፣ የአብሽ ውኃ ወይም አጥሚት ሆዱን ይጎዳል፤ ለተቅማጥም ያጋልጠዋል። ለሳል ወይም ለአለርጂ የተዘጋጀ የሚያፈዝ ሽሮፕ ለማስተኛት መስጠት ደግሞ በሕይወቱ ላይ መፍረድ ነው።

4. አስተኛኘቱ

መልካም እንቅልፍ ከሁሉ በፊት አደጋ የሌለበት እንቅልፍ ነው። በምዕራቡ ዓለም ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ጭምር ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ ይመክሩ ነበር። ኋላ ግን በሆዳቸው የሚተኙ ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የመሞት ዕድላቸው የበለጠ መሆኑ በጥናት ተረጋገጠ። በኒው ዚላንድና በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በአሜሪካ በ1994 «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ፤ በቀጣዮቹም ዓመታት እንዲህ ያለው ሞት በግማሽ ያህል፣ በአንዳንድ አገርም ከዚያ በላይ ቀነሰ። ይህ ሁሉ የተገኘው ያለ መድኃኒትና ያለ ወጪ፣ ሕፃኑን በጀርባው በማንጋለል ብቻ ነው።

አያቶች «በጀርባው ከተኛ ወተቱ ትን ይለዋል» ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ በአክብሮት ማስረዳት ይገባል። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ ያስመለሰው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ አየር ቧንቧ ለመግባት ይቸገራል። በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ነቅቶ ሳለ፣ ሰው እያየው፣ ለጥቂት ደቂቃ በሆዱ ማስተኛት ግን አንገቱን ያጠነክርለታል።

መኝታው ጠፍጣፋና ጠጠር ያለ ይሁን። ትራስ፣ ወፍራም ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት ከፊቱ ይራቅ። ሲጠቀለል ደረቱ ላይ አይጥበቅበት፤ እግሩም እንደ ልቡ ይታጠፍለት፤ ፊቱ ፈጽሞ አይሸፈን። መገልበጥ ሲጀምር መጠቅለሉ ይቁም። አንገቱንና ደረቱን ዳብሰን ላብ ካገኘን ልብሱ በዝቶበታል ማለት ነው።

ሐኪሞች የሚመክሩት ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ እንዲተኛ ነው። አልጋ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ከእናትየው አልጋ አጠገብ ጠንካራና ንጹሕ መኝታ ሊያዘጋጅለት ይችላል። አብሮ መተኛት ግድ ከሆነ ደግሞ አደጋውን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ፍራሹ የማይሰረጉድ ይሁን፤ ሌሎች ልጆች አጠገቡ አይተኙ፤ መጠጥ የጠጣ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዚያ አልጋ አይተኛ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን ግን ለብቻው ይተኛ። ሶፋ ላይ ሕፃን አቅፎ ማንቀላፋት ከሁሉ የከፋ አደጋ ነው።

ስለ ከሰልም አንድ ቃል እንጨምር። አራስ ቤትን ለማሞቅ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ስንቱን ቤት አጨልሟል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኙትን ሳያስነቃ ይገድላል። ከሰሉ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ።

5. ሌሊቱን መካፈል

ሌሊቱን ሁሉ የነቃች እናት በማግሥቱ እንግዳ እንድታስተናግድ ከተጠበቀባት ጉልበቷ ያልቃል፤ ወተቷም ሆነ መንፈሷ ይጎዳል። አባት ማጥባት ባይችልም ሕፃኑን አንሥቶ ለእናቱ ማቀበል፣ ከጠባ በኋላ ማስገሳት፣ ጨርቅ መለወጥና ማባበል ይችላል። ማታ ከመጀመሪያው ጡት በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰዓታት አባት ወይም አያት ቢረከቡ፣ እናት ያለማቋረጥ የምትተኛበት ጊዜ ታገኛለች። ይህ ለወንድ ልጅ ውርደት ሳይሆን የአባትነት መጀመሪያ ነው።

ሕፃኑ ጠብቶ፣ ጨርቁ ተለውጦ፣ ታቅፎም ማልቀሱን የማያቆምበት ሌሊት ይኖራል። በዚያን ጊዜ የያዘው ሰው ቁጣ ሲመጣበት ከተሰማው ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ መውጣት ወይም ሌላ ሰው መጥራት ይገባዋል። ሕፃንን በንዴት መነቅነቅ አእምሮው ውስጥ ደም እንዲፈስ ያደርጋል፤ ለዕድሜ ልክ ጉዳት ወይም ለሞት ይዳርገዋል። ጥቂት ደቂቃ ማልቀሱ ግን አይጎዳውም።

ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ከ2 ሳምንት በላይ የምታዝንና የምታለቅስ፣ ልጇን ለመያዝ የምትፈራ ወይም ራሷን ለመጉዳት የምታስብ እናት ሰነፍ ወይም ምስጋና ቢስ አይደለችም። ታማለች፤ ሕክምናም አላት። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ፤ ለብቻዋም አትተው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የቁምስናው እኅቶች አራስ ስንጠይቅም እንዲሁ እናስብ። ሲመሽ ሄዶ መቆየት ቤቱን ይጎዳል። በቀን ሄደን፣ እናት አንድ ሰዓት እስክትተኛ ሕፃኑን መያዝ፣ ወይም የተጠራቀመውን ጨርቅ ማጠብ፣ ከምንወስደው ስጦታ ሁሉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ለክርስትና የሚዘጋጁ ወላጆችንና የክርስትና አባትና እናትን ስናስተምርም ይህን ትምህርት ማካፈል እንችላለን።

6. ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

መንቃትና ማልቀስ በራሳቸው በሽታ አይደሉም። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፦
– ጡት መጥባት ካቆመ ወይም ቀስቅሰውት እንኳ ለመጥባት ካልቻለ፤
– ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፤
– የሰውነቱ ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፤
– በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፤
– ካንቀጠቀጠው፤
– መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ።

ማጠቃለያ

ሕፃን ሌሊትን የሚማረው ከእኛ ነው። መጋረጃውን ጠዋት የገለጠው እጅ፣ ማታ መብራቱን የቀነሰው እጅ፣ በእኩለ ሌሊት ሳይቆጣ ያነሣው እጅ መምህሮቹ ናቸው። ትምህርቱ ሳምንታትን ይወስዳል፤ ነገር ግን ሲፈጸም ሕፃኑ እንቅልፍን ብቻ ሳይሆን ሲጣራ የሚሰማው ሰው እንዳለም ይማራል። እናትም ሌሊቱን ብቻዋን እንዳልተሸከመች ታውቃለች።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ከአራስ ጋር ከተያያዙት ልማዶች የሕፃኑን እንቅልፍ የሚረዱት የትኞቹ ናቸው? የሚያውኩትስ?
2. ሕፃኑን በሆዱ ማስተኛት ለለመዱ አያት ነገሩን በአክብሮት እንዴት እናስረዳለን?
3. በቤታችን የሌሊቱ ሥራ እንዴት ይከፈላል? አባትስ ምን ሊጨምር ይችላል?
4. በሚቀጥሉት ሳምንታት የምንጠይቃት አራስ ማን ናት? ምን ሥራስ ልናቀልላት እንችላለን?